ሳትመረመር «ሞተች» የተባለች ሞተር

(ስለ አነስተኛ ሞተሮች ጥገና በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ሰው በታመመ ጊዜ «የት ላይ ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ገና ሳይመረመር መቃብር አይቆፈርለትም። ወደ መሥሪያ ቤት ዕቃ ስንመጣ ግን ይህ የታወቀ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዲት አነስተኛ ሞተር ገመዷ ሦስት አራት ጊዜ ተስቦ አልነሣም ያለች እንደ ሆነ «ሞታለች» ትባልና ወደ ግምጃ ቤት ትገባለች፤ ከዚያም በዝርዝር ወረቀት ላይ «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ቃል ይጻፍባታል። የዛሬው ንግግራችን በዚህ ቃል ላይ ነው። ይህን ቃል ከመጻፋችን በፊት ምን መጠየቅ፣ ምን መመርመር፣ ምንስ ማስጠገን እንደሚገባን በሣር ማጨጃ መኪና ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለምሳሌያችን የምንመርጠው ስፍራ አዲስ ቅዳም ይሁን። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ከ2,000 ሜትር ያልፋል። የክረምቱ ዝናም ብዙ ነው፤ ዝናም በበዛበት አገር ደግሞ ሣር ይበዛል። የአገሩ ገበሬ ሣሩን በማጭድ ያጭደዋል፤ ለከብቱም መኖ ያደርገዋል። ሰፊ ግቢ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሁሉ በማጭድ ማዳረስ ሲያቅተው በቤንዚን የምትሠራ ማጨጃ መኪና ይገዛል። እንግዲህ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ዝናምና በዚያ ሣር መካከል የምትሠራ አንዲት ሞተር ምን እንደሚደርስባት እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ አፈጣጠሯ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅን ገጽ የሚከረክም ተሽከርካሪ ስለት ተመልክቶ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሣር በማዛወር የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ሠራ። ያ መኪና በሰው እጅ የሚገፋ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ራንሰምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንዚን ሞተር የሚሠራውን ለገበያ አቀረበ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አካሏ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀላል ሞተር አወጣ፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሰው ብቻውን ሊገፋት የሚችል መኪና በየግቢው ልትዳረስ ቻለች። ይህን ታሪክ ማንሣታችን ለጌጥ አይደለም። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ሙቀትንም ቶሎ ያስወጣል፤ ነገር ግን ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ዘይት ባጣና አቧራ በገባበት ጊዜ ፈጥኖ ይጎዳል። ስለዚህ የዚች ሞተር ጥቅሟም ድካሟም ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

የምትሠራበትም መንገድ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ዓ.ም. በሥራ ያሳየው ባለ አራት ምት ሥርዓት ዛሬም ያው ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያፍነዋል፤ ካንዴላው እሳት በጫረ ጊዜ የታፈነው ነዶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ እንደ ገና ሲወጣ ጢሱን ያስወጣል። ሞተሯ በሙሉ ፍጥነቷ ስትሠራ ዋናው ዘንግ በደቂቃ እስከ 3,600 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሴኮንድ 60 ዙር ማለት ነው። በየሁለቱ ዙር አንድ ጊዜ የሚነድ ስለ ሆነ በእያንዳንዷ ሴኮንድ 30 ጊዜ ይነዳል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት ሙሉ ያጨደች እንደ ሆነ ዘንጓ 216,000 ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዙር ከመፋተግ የሚጠብቅላት ደግሞ በብዙዎቹ ዘንድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ዘይት ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሞተሯ ለመነሣት የምትፈልገው አራት ነገር መሆኑን ነው። እነርሱም ንጹሕ አየር፣ ያልከረመ ቤንዚን፣ በሰዓቱ የሚደርስ እሳትና ትንፋሽ የማያስወጣ ሲሊንደር ናቸው። አልነሣ ያለች ሞተር ከእነዚህ አራቱ አንዱን አጥታለች። የመርማሪው ሥራ የትኛውን እንዳጣች መለየት ነው እንጂ መፍቻ አንሥቶ ያገኘውን ሁሉ መፍታት አይደለም።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። እንበልና በአዲስ ቅዳም በአንድ ግቢ ውስጥ ክረምቱ ወጥቶ ሣር ሲታጨድ፣ የመኪናዋ ስለት በሣሩ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ መታ። ሞተሯ ድንገት ቆመች። ሠራተኛው ገመዷን ቢስብ መልሳ እጁን ትጎትተዋለች፤ አንዳንድ ጊዜም በማርሚታዋ በኩል ትተኩሳለች፤ ግን አትነሣም። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ውስጧ ተሰብሯል» ይላል። የሠለጠነ መካኒክ ግን አስቀድሞ የካንዴላውን ገመድ ይነቅላል፤ ይህን ሳያደርጉ ወደ ስለቱ እጅ መስደድ ጣት ያስቆርጣልና። ከዚያም ስለቱ ተጣሞ እንደ ሆነ ያያል፤ ዘንጉን በእጁ ቀስ ብሎ በማዞር የሚወላገድ መሆን አለመሆኑን ይመለከታል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ የሚዞር ከሆነ ቀጥሎ የሚፈትሸው በላይ በኩል ያለውን ቮላኖ ነው።

በቮላኖውና በዘንጉ መካከል ከጣት ጫፍ የማትበልጥ አንዲት ሽብልቅ አለች። ሥራዋ ቮላኖው በዘንጉ ላይ በትክክለኛው ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት እሳት የሚያስነሣው በቦታው ሲሆን ብቻ ነውና። ስለቱ ድንጋይ መትቶ ዘንጉ ድንገት ሲቆም፣ ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን ልቀጥል ይላል፤ በዚህ መካከል ሽብልቋ ትቆረጣለች ወይም ትጣመማለች። ከዚያ በኋላ እሳት አለ፤ ነገር ግን በሰዓቱ አይደርስም። ገመዱ እጅ የሚጎትተውም ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሽብልቋን መለወጥ ነው፤ ይኸውም ከመላዋ መኪና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ በእርሷ ፈንታ የጠነከረ ብረት ወይም ምስማር ቀርጾ ማግባት አይገባም። ሽብልቋ ለስላሳ የሆነችው በምክንያት ነው፤ በሌላ ጊዜ ድንጋይ ሲመታ እርሷ ካልተቆረጠች ጉዳቱ ወደ ዘንጉና ወደ ቮላኖው ይሻገራል።

ዘንጉ ራሱ ተጣሞ ከተገኘ ግን ነገሩ ይከብዳል። በመዶሻ ቀጥቅጦ ለማቃናት መሞከር የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ የተጣመመ ብረት በውስጡ ስንጥቅ ሊይዝ ስለሚችል፣ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር ተሰብሮ ስለቱን ከነዘንጉ ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን መለወጥ ወይም ዋጋው ከሞተሯ ዋጋ ጋር የማይመዛዘን ከሆነ ሞተሯን መተው ይሻላል። በዚህ ጊዜ «ከአገልግሎት ውጭ» የሚለው ቃል በእውነት ተጽፏል።

ሁለተኛው ነገር የአገሩ ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። የሞተር ሠሪዎች መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ አንዲት አነስተኛ ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቷ 3.5 በመቶ ያህል ታጣለች። ይህን ይዘን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ብናሰላው ከጉልበቷ ከሩብ በላይ፣ 28 በመቶ ያህል፣ በአየሩ መሳሳት ብቻ ይጎድላል። ከዚህም ሌላ ካርቡሬተሯ ለዝቅተኛ አገር የተለካ ከሆነ፣ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ጥቁር ጢስ ታወጣለች፤ ካንዴላዋ በጥቀርሻ ይሸፈናል፤ ነዳጅ ትፈጃለች። ይህን ያየ ሁሉ «ፋሻዋ አልቋል፤ ትከፈት» ቢል ሳትታመም ቀዶ ሕክምና አደረገላት ማለት ነው። ለደጋ አገር የሚሆን ቀዳዳው የጠበበ የነዳጅ ማስተላለፊያ አለ፤ እርሱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ሲገባ ጢሱም ብክነቱም ይቀንሳል። የጎደለው ጉልበት ግን በሙሉ አይመለስም። ይህችው ሞተር በኋላ ወደ ጃዊ ቆላ የተዛወረች እንደ ሆነ ደግሞ የፊተኛው መመለስ አለበት፤ አለዚያ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሯ ከልክ በላይ ትግላለች።

የጢሷን ቀለም ማንበብ ለማንም የሚቻል ትምህርት ነው። ጥቁር ጢስ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል ማለት ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። የሰማያዊው ጢስ ምክንያት የፋሻ ማለቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ ወይም መኪናዋ ስትጠረግ በማይገባ ጎኗ ተጋድማ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ፈስሶ ሊሆንም ይችላል። መኪናዋን ማዘንበል ሲያስፈልግ የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ እንዲሆን ማድረግ ይህን ያስቀራል። እንግዲህ አንዱ ጢስ የብዙ ገንዘብ ጥገና፣ አንዱ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ጥንቃቄ የሚፈልግ መሆኑን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ነገር የከረመ ቤንዚን ነው። የሣር ማጨጃ በበጋ ትተኛለች፤ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ደግሞ በክረምት ትተኛለች። ሁለቱም ቤንዚን በሆዳቸው እንደ ያዙ ከተኙ በሽታቸው አንድ ነው። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ይሆንና በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መንገድ ይደፍናታል። በክረምት እርጥበት ደግሞ ውሃ ተጠራቅሞ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ሞተሯ ከመተኛቷ በፊት ቤንዚኑን ቀድቶ ማውጣት፣ የቀረውንም ሠርታ እንድትጨርሰው መተው ይገባል። ይህ ሳይደረግ የከረመች ከሆነ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማጠብና ቀዳዳዎቹን በአየር መንፋት ያስፈልጋል። በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋልና አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው የዘይት ማጣት ነው። በነዚህ ትናንሽ ሞተሮች በብዙዎቹ ውስጥ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፣ በመካከሉ ሌላ መተኪያ ሳይኖረው በቀጥታ በብረቱ ዘንግ ላይ ይሽከረከራል። የሚለያያቸው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ አሉሚኒየሙ ቀልጦ በዘንጉ ላይ ይለጠፋል፤ ቢዬላው ይነክሳል፤ ከዚያም ይሰበርና የሞተሯን አካል ሊበሳው ይችላል። አካሏ የተበሳ ሞተር በእርግጥ ሞታለች። ነገር ግን አካሏ ደኅና ሆኖ ቢዬላው ብቻ የነከሰ ከሆነ ተስፋ አለ። የሠለጠነ መካኒክ በዘንጉ ላይ የተለጠፈውን አሉሚኒየም በአሲድ አሟሙቶ፣ ዐይኑንና እጁን እየጠበቀ ያነሣዋል፤ በጥሩ ውሃ ያጥበዋል፤ በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ቀጥሎም ክብነቱ ያልተበላሸ መሆኑን በማይክሮሜትር ይለካል። ልኩ በመመሪያው ከተጻፈው ገደብ ያልወጣ ከሆነ አዲስ ቢዬላ፣ አዲስ ፋሻና አዲስ ጓርኒሲዮን አግብቶ ይገጥማታል። ሳይለኩ መግጠም ግን ገንዘብን ሁለት ጊዜ መጣል ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥፋት የሚጠብቀው ትንሽ ጥንቃቄ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ሞተሯ በደልዳላ መሬት ላይ ቆማ የዘይቷ መጠን ይታይ። አዲስ ሞተር የመጀመሪያዋ ዘይት ፈጥኖ ይለወጥላት፤ በኋላም አብዛኞቹ የማጨጃ ሞተሮች በየ50 ሰዓቱ አዲስ ዘይት ይሻሉ። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን የምትሠራ መኪና 50 ሰዓት የምትሞላው በአምስት ሳምንት ነው። የአየር ማጣሪያዋ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በሳሙናና በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ነክቶት ይመለስ፤ ከወረቀት የተሠራ ከሆነ ግን ውሃ አይንካው፤ በቀስታ ይራገፍ፤ ሲጠቁርም ይለወጥ። ያለ ማጣሪያ የምትሠራ ሞተር አቧራ እየዋጠች ፋሻዋንና ሲሊንደሯን እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች። በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ክንፎች መካከል የሚጠራቀመው የሣር ድቃቂ ይጠረግ፤ ሙቀቷ የሚወጣው በእነርሱ በኩል ነውና። ሞተሯን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሣትም ሆነ ቤንዚን እሳት ባለበት መቅዳት ከቶ አይገባም፤ ጢሷ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላልና።

አሁን ደግሞ ንግግሬን በተለይ ወደ እናንተ ወደ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እመልሳለሁ። የመንግሥት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን ከእናንተ የሚያውቅ የለም። የገባበት ቀንና ዋጋው በደንብ ተጽፏል፤ የሚወጣበትም ይጻፋል። በመካከሉ የኖረችው ዕድሜ ግን አይጻፍም። ስንት ሰዓት ሠራች? ዘይቷ መቼ ተለወጠ? የመጨረሻው ጥገና ስለምን ነበር? ይህን የሚመልስ አንድ ደብተር ከመኪናዋ ጋር ቢኖር ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የጥገና ዋጋ ሲጠየቅም «ሞተር ለመጠገን» የሚል ቃል ብቻ መቀበል አይበቃም። ምን ተሰበረ? ስለምን ተሰበረ? አሮጌው ዕቃ የት አለ? ብሎ መጠየቅ መካኒኩን መጠርጠር አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ ይከበራል እንጂ አይቀየምም። ምክንያቱ ያልታወቀ ስብራት ቢጠገንም ተመልሶ ይሰበራል። ለምሳሌ የአየር ማጣሪያው ተቀድዶ በገባው አቧራ ፋሻዋ ያለቀባትን ሞተር፣ ፋሻውን ለውጦ የተቀደደውን ማጣሪያ መመለስ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ነገሩ የሣር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስረዘምሁት ነበር። ነገር ግን ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን እርሻ ተመልከቱ። ለገበሬው የመስኖ ውሃ የምትስበው ሞተር የማጨጃዋ እኅት ናት። የማጨጃዋ ዘንግ ወደ ታች ይቆማል፤ የውሃ መሳቢያዋ ዘንግ ወደ ጎን ይተኛል፤ የቀረው የውስጥ አካላቸውና በሽታቸው ይመሳሰላል። በአዊ አገር በበጋ መስኖ ድንች ይተከላል። ድንቹ ሥር በሚያበጅበት ወራት ሞተሯ አንድ ሳምንት ቆማ ብትውል ጉዳቱ የሚቆጠረው በመፍቻና በጓርኒሲዮን ዋጋ አይደለም፤ የቤተ ሰቡ የዓመት ተስፋ ነው። በዚያም ቢሆን ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ አለ። ውሃ አልስብ ያለች ሞተር ሁሉ የታመመች አይደለችም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን ወደ ላይ ሊያነሣ የሚችለው ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ይህ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በጋው ሲገፋ ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ፣ ሞተሯን ከመክፈት በፊት ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ይህ እውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መኪናዎች ጥገና ነበር። ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ቢዬላ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት በየጋራዡ የአማርኛ ያህል መለመዳቸው፣ ሙያው በእጅ ከእጅ ሲተላለፍ መኖሩን ያስረዳል። የጎደለው ሙያው ሳይሆን ባለሙያው የሚጠራበት ጊዜ ነው። ሞተሯ ገና ማሳል ስትጀምር የተጠራ መካኒክ ያድናታል፤ ሦስት ዓመት በግምጃ ቤት ዝናምና ዝገት ከበላት በኋላ የተጠራ ግን መርዶ ነጋሪ ይሆናል።

እንግዲህ ክቡራት ክቡራን፤ ነገ ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ ከግምጃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሳ የተቀመጠች አንዲት ሞተር ብታገኙ፣ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት አራቱን ጥያቄ ጠይቁላት። አየሯ ንጹሕ ነው? ቤንዚኗ አዲስ ነው? እሳቷ በሰዓቱ ይደርሳል? ትንፋሿ አይወጣም? ለአራቱም መልስ ያላገኘ ሰው «ሞታለች» ብሎ ለመፈረም ገና አልደረሰም።